ንፋሴ ሻርፑን ያወለቀ ዓመት

እሑድ ምሳ ላይ፣ ሾርባው ገና ሳያልቅ፣ አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ አፉን ጠረገ፤ ተነስቶ ቆመ። አባቴ ምሳ ላይ ሲቆም ያየሁት ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔ የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነበር። ስለዚህ እናቴ ጀርባውን ልትመታለት እጇን አነሳች።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ አጥንት እንዳልሆነ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «በዚህ ቤት ውስጥ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ቴሌቪዥን አይከፈትም።»

ይኸው ነበር። ጦርነት አልታወጀም፤ የሞተም ሰው የለም። ግን እናቴ ለመምታት ያነሳችውን እጅ ደረቷ ላይ አሳረፈች፤ አጎቴ የሾፌር ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ፤ እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ስለነበርና በእንዲህ ያለ ሰዓት ምን እንደሚደረግ ስለማላውቅ ማንኪያዬን ከአባቴ ማንኪያ ጎን አጋደምኩ። እቴቴ ብቻ ሾርባዋን ቀጠለች። ሳህኗን እያየች፣ ለእኔ ስትሉ ባትቸገሩ ምን ነበረበት አለች። አባቴ ጉዳዩ የክብር ጉዳይ ነው አላት፤ ከዚያ ተቀመጠና ጨው አቀብሉኝ አለ።

እቴቴ የአባቴ ታላቅ እህት ነች። የምትሠራው በአውቶቡስ መናኸሪያ ውስጥ ድምፅ ማጉያው ላይ ነው። የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ፣ የማን ልጅ ጠፍቶ የት እንደተገኘ፣ ሻንጣውን የረሳው መንገደኛ ወዴት እንደሚሄድ የምትናገረው እሷ ነበረች። ድምጿ ስኒ በሰሐኑ ላይ እንደማስቀመጥ ነው፤ እያንዳንዷ ቃል በቦታዋ፣ ሳትንኳኳ። አጎቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ መናኸሪያውን ያውቀዋል፤ እዚያ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው እንኳ ደስ ብሎት ነው የሚመለሰው ይል ነበር።

ከመወለዴ በፊት ግን ከዚህ የበለጠ ሥራ ሠርታለች። «ንፋሴ» የሚባል ተከታታይ የካርቱን ፊልም ነበር። ነፋስ ላይ ቆሞ የሚበር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፤ አንገቱ ላይ እስከ ተረከዙ የሚወርድ ቀይ ሻርፕ ያለው። ድልድይ ሲወድቅ ይደግፋል፤ ባቡር ከሐዲዱ ሲወጣ ይመልሳል፤ ከመነሳቱ በፊት ሁልጊዜ እጁን ዘርግቶ «ንፋስ ሆይ፣ እባክህ ያዘኝ» ይላል። ፊልሙ የመጣው ከሩቅ አገር ነው፤ ይህንን ቃል በእኛ ቋንቋ የተናገረችው ግን እቴቴ ነች። ስቱዲዮው ግድግዳው በፍራሽ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነበር። ንፋሴ ሲሮጥ እሷም ባለችበት እየዘለለች ትናገራለች፤ አምባሯ እንዳይንኳኳ ድምፅ ቀራጩ ያስወልቃታል፤ ንፋሴ ከሰማይ ሲወድቅ ሆዷን በሁለት እጇ ጨምቃ ትጮኻለች። እኔ ፊልሙን አንድም ቀን አላየሁትም። ያደግኩት ግን በእሱ ነው። ትኩሳት ሲይዘኝ፣ ጥርሴ ሲነቀል፣ ማካፈል አልገባኝ ሲል፣ እቴቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ንፋሴን ትጠራልኝ ነበር። ቀርቶም አያውቅ።

አሁን ግን አዲስ ንፋሴ ተሠራ። ሥዕሉ አዲስ፣ ዘፈኑ አዲስ፣ ድምፁም ከአንድ ትያትር ቤት የተገኘ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ። ለእቴቴ ማንም አልነገራትም። ወሬውን ያገኘችው መናኸሪያው ወንበር ላይ መንገደኛ ጥሎት ከሄደ ጋዜጣ ነው። አባቴን ከወንበሩ ያስነሳው ይህ ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቤታችን ሐዘን የገባበት መሰለ። ዘጠኝ ተኩል ላይ አባቴ፣ መስታወት ቆራጭ ነውና፣ ሜትሩን ኪሱ ከትቶ መስኮት ልለካ ብሎ ወጣ። እናቴ ነርስ ነች፤ የቅዳሜን ተራ ወስጃለሁ ብላ ወደ ክሊኒኳ ሄደች። አጎቴ አውቶቡሱን ይዞ ወጣ። ያቺን ግማሽ ሰዓት እቤት ሆነው ማሳለፍ ስላልቻሉ ነው ብዬ አሰብኩ። ትልቅ ሰው ሲያዝን ሥራ ይበዛበታል ማለት ነው አልኩ።

ዛሬ የማውቀውን ልናገር። አባቴ የሚለካው የጸጉር አስተካካዩን መስኮት ነበር። በአሥራ ሦስት ቅዳሜ አሥራ ሦስት ጊዜ ለክቶታል፤ ከመስኮቱ ትይዩ ቴሌቪዥን አለ። በእናቴ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ውስጥም ሌላ አለ። አጎቴ ደግሞ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል አውቶቡሱን ከአንድ የቴሌቪዥን መሸጫ ሱቅ ፊት አቁሞ «ሞተሩ ይረፍ» ይል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ተሳፋሪው ማጉረምረም አቆመ። በአምስተኛው ሳምንት መንገዳቸው በዚያ ያልሆነ ሰዎች መሳፈር ጀመሩ።

ይህን ሳላውቅ፣ ከቤተሰቡ መሐል ከሐዲዋ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሥራ ሦስት ሳምንት ኖርኩ።

ሕንፃችን ሦስት ፎቅ ነው። ታች እቴቴ፣ መሐል አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ላይ እኛ። ዳኛው ጆሯቸው ከብዷል፤ ቴሌቪዥናቸውን የሚከፍቱት የመደርደሪያው ብርጭቆ እስኪጨፍር ድረስ ነው። የምከፍተው ለአሥራ አንድ ሰዓቱ ዜና ነው ይላሉ፤ ማሽኑ እንዲሞቅ በዘጠኝ ተኩል ይጀምራሉ። የሕንፃው ሰው ደግሞ ለዚህ የራሱ ደንብ ነበረው። ድምፅ ሲበዛበት በመጥረጊያ እጀታ ኮርኒሱን ሦስት ጊዜ ይመታል። ምቱ በዳኛው ጆሮ ባይገባ በነጠላ ጫማቸው በኩል ይገባል፤ እሳቸውም ሕግ አክባሪ ናቸውና በመቀነስ ፈንታ ጨርሰው ይዘጉታል። ለምን ቢባሉ፣ አቤቱታ ከቀረበ ጉዳዩ ይታገዳል ይላሉ። እቴቴ በሯ ጥግ ለዚሁ የሚሆን ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ ነበራት፤ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ግን አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። ትዕግሥቷ ያስለቅሰኝ ነበር።

ዳኛውን ቁም ነገር አጫውታለሁ ብዬ ገባሁ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ ጀመረ፤ እኔ አለቀልኝ።

አዲሱ ንፋሴ ሻርፕ የለውም። እስከ አገጩ ዚፕ የተዘጋ ሰማያዊ ጃኬት ለብሷል፤ ዓይኑ የሾርባ ሳህን ያህላል። ጣሪያ ላይ ቆመ፤ እጁን አልዘረጋም፤ «ንፋስ፣ ተነስ!» አለ፤ ነፋስም ተነሳ። እኔም ተነሳሁ። የዳኛው ሻይ ተደፋ። «ዜናው ጀመረ እንዴ?» አሉ ዳኛው። ገና ነው አልኳቸው በእጄ።

ከዚያ እሷ መጣች፤ የዝገት እመቤት። የምትኖረው ባቡር የማይመጣበት ባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው፤ የነካችው ብረት ሁሉ ይዝጋል። ሰው ስትገድል አትቸኩልም። ረጅም ጣቷን ታነሳና «ቀጥሎ የሚዝገው… የወንዙ ድልድይ ነው» ትላለች፤ ድልድዩም ተራው እንደደረሰ ተሳፋሪ ይሄድላታል። የአንገቴ ጸጉር ቆመ። በዓለም ላይ እንዲህ የጠላሁት ፍጥረት አልነበረም።

ያንን ድምፅ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመናኸሪያው በኩል እያለፍኩ እሰማው ነበር። እንዴት አላወቅኳትም ብዬ እስከዛሬ እገረማለሁ። ግን የምወዳትን ሴት በጠላቴ አፍ ውስጥ ለመፈለግ ምን ምክንያት ነበረኝ?

እንዲያውም ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው። ከምንጣፉ ሥር ወለል አለ፣ ከወለሉ ሥር የእቴቴ ኮርኒስ አለ፣ ከኮርኒሱ ሥር እቴቴ ቁጭ ብላ ያንን ጎረምሳ ትሰማዋለች። በጉልበቴ ሄጄ የዳኛውን ድምፅ መቆጣጠሪያ ወደ ታች አዞርኩት፤ ትንኝ እስኪያህል። ዳኛው እግራቸውን ወለሉ ላይ መታ መታ አድርገው ምንጣፉ ወፍሯል አሉ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እንዲህ አደረግኩ። በልጅነቴ የሠራሁት ትልቁ ቸርነት ይህ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ኮርቼበታለሁ።

እሑድ እሑድ ምሳ ላይ እንሰበሰባለን። ፊልሙን ያየ ሰው ከጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም፤ አስተያየት የሌለውም አልነበረም።

አባቴ «ሰዎች እንደሚሉት» ብሎ ይጀምራል። ሰዎች እንደሚሉት ሻርፑን አውልቀውበታል፤ ሻርፕ ካልተውለበለበ ልጁ ነፋስ ላይ መቆሙ በምን ይታወቃል? አየር ላይ የተሰቀለ ሙዝ ነው የሚመስለው። አጎቴ ደግሞ፣ ሰዎች እንደሚሉት፣ በሦስተኛው ክፍል ባቡሩን ያቆመበት አኳኋን ነውር ነው አለ። ያን የሚያህል ክብደት ቀስ ተብሎ ነው የሚያዘው፤ ሰዎች ይህንን ሲያዩ ተሳፋሪው በሙሉ «ኧረ ቀስ!» ብሎ ጮኋል። የትኛው ተሳፋሪ ብሎ የጠየቀው የለም። እናቴን ያናደዳት ልጁ ክንዱ ተሰብሮ በሳምንቱ መዳኑ ነው፤ ጄሶ እንኳ አላሰሩለትም፤ ሰዎችም በዚህ በጣም ተናደዋል። ከሁሉም በላይ የተወገዘው ግን «ተነስ» ማለቱ ነበር። የድሮው ይለምናል፤ የአሁኑ ያዛል። አባቴ እባክህ የምትለዋን ቃል ምን አደረጓት ብሎ ሲጠይቅ አጎቴ ከሻርፑ ጋር ጠቅልለው ከተቷት ብሎ መለሰ።

«ሰዎች» የሚባሉት እነማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። አንድ አዳራሽ ውስጥ የሚሰበሰቡ፣ ሁሉን አይተው ለቤተሰባችን ሪፖርት የሚያቀርቡ አካላት ይመስሉኝ ነበር። በሦስተኛው እሑድ እኔም ደፈርኩና «ሰዎች እንደሚሉት የጃኬቱ ዚፕ በጨለማ ያበራል» አልኩ። አባቴ ረዘም አድርጎ አየኝ። ከዚያ «አዎ፣ እንደዚያ ይላሉ» አለ። ያን ቀን ትልቅ ሰው ሆንኩ።

እቴቴ ግን መታመም ጀመረች።

በየሳምንቱ ሐሙስ ድምጿ ይሻክራል። አንገቷን በሹራብ ትጠቀልላለች፤ ሙቅ ውሃ በማር ትጠጣለች፤ መናኸሪያው ውስጥ የምሥራቁን አውቶቡስ ስትጠራ ምሥራቅ ላይ ትሰነጠቃለች። አንድ ማክሰኞ እናቴ የላከችላትን እንቁላል ይዤ ወደ ክፍሏ ስወርድ በሩ ተዘግቶ ከውስጥ አስፈሪ ነገር ሰማሁ። ማቃሰት፤ ከዚያ ጉሮሮ መጥረግ፤ ከዚያ ሳቅ። የእሷ ያልሆነ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ቀዝቃዛ ሳቅ። ሳቀች፣ ቆመች፣ «አይ» አለች፣ እንደገና ሳቀች። እንቁላሉን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ሸሸሁ።

ሒሳቡን ያኔውኑ ሠራሁት። ቅዳሜ አዲሱን ንፋሴ አያለሁ፤ ሐሙስ እቴቴ ትሻክራለች። ለአንድ ኃጢአት ከሁለተኛ ፎቅ እስከ ታች ለመውረድ አምስት ቀን በቂ ነው።

ጥርጣሬዬን ያጸደቀው ወጥ ቤት የሰማሁት ነው። አባቴና እናቴ ሳህን እያጠቡ በዝግታ ያወራሉ።

«ሰዎች እሷ ናት እያሉ ነው» አለ አባቴ።

«ክሊኒክም እንደዚያ ሲሉ ሰማሁ» አለች እናቴ። «አንዷ ሴትዮ እንዲያውም ደንግጣ ቴርሞሜትር ሰብራለች።»

«ታዲያ ለምን አትነግረንም?»

«ፈርታ ነዋ። ራሷ እስክትነግረን ድረስ እኛ ምንም አናውቅም። ልጅቷም እንዳትሰማ።»

ክሊኒክ። ቴርሞሜትር። ልጅቷ እንዳትሰማ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እቴቴ ክፉ በሽታ ይዟታል፤ ያመጣሁባትም እኔ ነኝ። ቴርሞሜትሩን የሰበረችው ሴትዮ እናቴ ራሷ መሆኗን፣ የሰበረችውም ወንበር ላይ ቆማ የመጠበቂያ ክፍሉን ቴሌቪዥን ድምፅ ከፍ ስታደርግ መሆኑን የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ ምሳ ላይ፣ ሰዎች ስለ ጃኬቱ ያላቸውን ጨርሰው ስለ ፀጉሩ ሲጀምሩ፣ እቴቴ ሹካዋን ድንች ላይ እንደሰካች ጠየቀች።

«ስለ ሴትዮዋስ ሰዎች ምን ይላሉ?»

አባቴ ጨው ነቅናቂውን አገላብጦ ታቹን አነበበ። የትኛዋ ሴትዮ አለ።

«ክፉዋ። አንዲት ክፉ ሴትዮ አለች ሲባል ሰምቼ ነው።»

«እሷ… ታስፈራለች ይላሉ» አለ አባቴ።

«በጣም?»

እናቴ እንቅልፍ ያጡ አሉ አለች። አጎቴም አንድ ተሳፋሪ እሷን ሲያይ መውረጃውን አልፎ ሦስት ፌርማታ ሄዷል ይባላል አለ። እቴቴ አንገቷን ደፋች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እንዳለቀሰች ቆጠርኩ። የዛን ጎረምሳ ሥራ አስታውሰዋት አስለቀሷት አልኩና ላድናት ዘለልኩ።

«ድምጿ ግን ያስጠላል! የተቃጠለ ድስት ሲፋቅ ነው የሚመስለው» አልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝና «ሰዎች እንደሚሉት» ጨመርኩ።

አጎቴ ውሃው ትን አለው። እናቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እቴቴ ቀና አለች፤ ዓይኗ እርጥብ ነው፤ ፊቷ ላይ ግን ያላለቀ ፈገግታ ነበር፤ እኔ ሳየው ጠፋ።

«ድስት?» አለች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው ሥር ጠብቃ ያዘችኝ። ክፍሏ አስገባችኝ፣ ብስኩት ሰጠችኝ፣ በሩን ዘጋች። የእሷ ቴሌቪዥን የተጠለፈ ጨርቅ ለብሶ፣ ጨርቁ ላይ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበት ግድግዳውን ተደግፏል።

«እስቲ ንገሪኝ» አለች በዚያ በሻከረ ድምፅ፣ «ድስቱ ሲጀመር ነው ወይስ ሲያልቅ?»

«ስትናደድ ነው» አልኳት። «ስትጮህ ድስት ትሆናለች። ቀስ ብላ ስትናገር ግን ትከሻዬ ላይ የቆመች ይመስለኛል። እንደዚያ… ሰዎች ይላሉ።»

«ሲያልቅ ትንፋሿ ይሰማል?»

«ቢሰማ ይሻል ነበር።»

እርሳስ አንስታ በአንድ አሮጌ የአውቶቡስ የጊዜ ሰሌዳ ጀርባ ላይ ጻፈች። ከዚያ እንደዋዛ፣ ዳኛው ምን ነክቷቸው ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ቴሌቪዥናቸውን ዝቅ የሚያደርጉት፣ አሟቸው ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ቸርነቴ ደረሰላት ብዬ ልቤ ሞላ። ደህና ናቸው አልኳት። «እግዜር ይስጣቸው» አለች፤ ግን ያመሰገነች አትመስልም ነበር።

ያን ጊዜ ያላየሁት ይህ ነው። አባቴ ምሳ ላይ ተነስቶ በቆመ በሁለተኛው ቀን መናኸሪያው ውስጥ ስልክ ተደውሎላት ነበር። ያው ስቱዲዮ ነው። ለንፋሴ ልጅ አግኝተናል፤ ሳትጮህ ሰው የምታስፈራ ሴት ግን አጥተናል አሏት። እሺ አለች። ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወንድሟ ቆሞ ታያት። ለክብርሽ ብሎ ቴሌቪዥኑን የዘጋ ወንድም፣ እኔ እኮ እዚያው ገብቻለሁ ይባላል? ምስጢር አደረገችው። የባሰው ደግሞ፣ እገዳውን የምር ያከበረችው ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ስቱዲዮ ውስጥ የምታየው የራሷን ቁራጭ ነው፤ መዳፍ በምታህል ስክሪን፣ ያለ ሙዚቃ። ከሙዚቃው ጋር፣ ከልጁ ጋር፣ ከነፋሱ ጋር ሆኖ ምን እንደሚመስል የምትሰማው ቅዳሜ ቅዳሜ በዳኛው ወለል በኩል ነበር፤ እኔ አዝኜላት እስክቀንሰው ድረስ። በሃምሳ ዓመቷ ጫፍ ላይ ቆማ «ጥሩ ነኝ ወይ?» ብላ የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ስለዚህ ሰዎችን ጠየቀች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የዝገት እመቤት መጮህ አቆመች። ዓረፍተ ነገሯ ሲያልቅ ትንፋሿ ይሰማ ጀመር። ምንም የማይሰሙት ዳኛ እግራቸውን ወደ ወንበሩ ላይ ሰበሰቡ።

የመጨረሻው ክፍል የሚታይበት ቅዳሜ ደረሰ። ዓርብ ዕለት እቴቴ ድምጿ ጨርሶ ተዘግቶ ከመናኸሪያው ወደ ቤት መልሰዋት ነበር፤ በምትኳ የገባው ሰውዬ የሰሜኑን አውቶቡስ ወደ ደቡብ ሰደደው እየተባለ ይሳቃል። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። የአውቶቡሱን ሰሌዳ የምትናገርበት ድምፅ ከጠፋ እቴቴ ምን ይቀራታል? ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ ወሰንኩ። የመጨረሻውን ክፍል አላይም። ካላየሁ ትድናለች። ለበለጠ ዋስትና ደግሞ ሁላችንም አብረናት እንቀመጣለን።

ምሳ ላይ ማንኪያዬን አስቀመጥኩ፤ አፌን ጠረግኩ፤ ተነስቼ ቆምኩ። እናቴ ጀርባዬን ልትመታልኝ እጇን አነሳች።

«ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ» አልኩ «ሁላችንም እቴቴ ጋ ሄደን እንቀመጣለን። አሟታል። ብቻዋን መሆን የለባትም።»

አባቴ የሚለካው መስኮት አለ ብሎ ጀመረ። እናቴ የትኛው መስኮት አለችው። የጸጉር አስተካካዩ አላት። ገና አላለቀም እንዴ አለችው። እሷም ተራ እንዳላት ስትናገር አጎቴ ቅዳሜ ክሊኒኩ እስከ ስድስት ሰዓት አይደለም ወይ አለ፤ ወዲያው ምላሱን ነከሰ፤ ምክንያቱም አሁን የእሱ አውቶቡስ ተራ ደረሰ። ሦስቱም ተያዩ። ሦስቱም ሰዓቱን አዩ። እኔ ቆሜያለሁ።

«የክብር ጉዳይ ነው» አልኩ።

አባቴ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው የእቴቴን በር አንኳኳን። አንገቷ በሹራብ ተጠቅልሎ ከፈተች፤ አራታችንንም አይታ ደነገጠች። ክፍሉ መሐል አንድ ወንበር ብቻውን ቆሟል፤ ልክ የዳኛው ቴሌቪዥን ከሚገኝበት ሥር። ለምን እዚያ እንዳስቀመጠችው አልገባኝም። ዙሪያውን ከብበን ተቀመጥን። እናቴ «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ» አለች፤ እቴቴ ደህና ነኝ አለች፤ ከዚያ የሚባል ነገር አለቀ።

ከላይ ዘፈኑ ጀመረ።

የሚቀንስለት ሰው ስላልነበረ እንደ በረዶ ዘነበብን። የአበባ ማሰሮው ቴሌቪዥኑ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የአጎቴ ተረከዝ ወለሉን መምታት ጀመረ፤ በእጁ ይዞ አስቆመው። አባቴ የወንበሩን ክንድ በስንዝር ለካ። እናቴ የራሷን የልብ ምት ቆጠረች። እቴቴ ኮርኒሱን እያየች «ዛሬ ዳኛው ጤና ናቸው» አለች በሹክሹክታ። ድልድይ ወደቀ፤ ሰው ጮኸ፤ አጎቴ «ቀስ» አለና ሳለ። ልጁ «ንፋስ፣ ተነስ!» አለ፤ ሁሉም ራሳቸውን በትንሹ ከፍ አደረጉ፤ መልሰው አወረዱ።

ከዚያ የዝገት እመቤት መናገር ጀመረች።

እቴቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቶቿ ሹራቡን ጨምድደዋል። ዙሪያዬን ሳይ ሁሉም እሷን ያያሉ እንጂ ኮርኒሱን የሚያይ የለም። ሕመሙ ተነሳባት አልኩ። ከላይ ድምፁ ይወርዳል፣ በዝግታ፣ ስኒ በሰሐን ላይ። «ልጄ» ይላል፤ «ዝገት እያልክ ትሰድበኛለህ…» አሥራ ሦስት ሳምንት ያጠራቀምኩት ኃጢአት በአንድ ጊዜ እላዬ ላይ ወደቀ። ወደ በሩ ጥግ ሮጥኩ፤ መጥረጊያውን ነጠቅኩ።

«እኔም እኮ አንድ ጊዜ…»

ሦስት ጊዜ መታሁ። ከኮርኒሱ ኖራ ተራገፈ። ዳኛው ሕግ አክባሪ ናቸው፤ ሦስተኛው ምት ሳያልቅ ቴሌቪዥኑ ተዘጋ።

ጸጥ አለ። መጥረጊያውን እንደያዝኩ፣ አዳንኳት ብዬ፣ ዞርኩ።

እቴቴ ዓይኗን አልገለጠችም። ወንበሯ ላይ እንዳለች፣ ጣቶቿ ሹራቡን እንደጨመደዱ፣ ከተጠቀለለው ሹራብ ውስጥ ያ ድምፅ ወጣ፤ ቀዝቃዛው፣ የማይቸኩለው፣ ትከሻ ላይ የሚቆመው።

«…አዲስ ነበርኩ» አለች። «ከአንተ ይበልጥ አብረቀርቅ ነበር።»

ሲያልቅ ትንፋሿ ተሰማ።

የአንገቴ ጸጉር ቆመ። መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። ማንም «ይህች ማን ናት?» አላለም፤ ማንም አልደነገጠም። እቴቴ ዓይኗን ገለጠች፤ አየችን፤ አንድ በአንድ፤ ለፍርድ እንደቆመ ሰው ጠበቀች። አጎቴ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። እናቴ ዓይኗን በሁለት ጣቷ ጠረገች።

አባቴ ተነስቶ ቆመ። የአበባ ማሰሮውን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። የተጠለፈውን ጨርቅ ከቴሌቪዥኑ ላይ ገፈፈ፤ አራት ቦታ አጠፈ። ቁልፉን ተጭኖ እጁን ወደ ቻናሉ መዘውር ሰደደ።

«ሦስት ላይ ነው» አሉት እናቴና አጎቴ እኩል።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ።